የርጭት ልብስ አጥቤ ከታመምኩ በኋላ የተማርኩት

እኔና ባለቤቴ የምንተዳደረው በአትክልት ነው። ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን እናመርታለን። ፀረ-ተባይ የሚረጨው እሱ ነው፤ እኔ አረማለሁ፣ ምርት እለቅማለሁ፣ ቤት እይዛለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ። መርጫ አዝዬ አላውቅም፣ የኬሚካል ጠርሙስም ከፍቼ አላውቅም። በአንድ የቲማቲም ወቅት ማብቂያ ላይ ተመርዤ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ግን እኔ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ለሚረጩ ሰዎች ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሳይረጩ መርዙ እቤታቸው ድረስ ለሚመጣባቸው ሚስቶች፣ እናቶችና ልጆች ነው።

በዚያ ወቅት ትል በርትቶ ስለነበር ርጭቱ በላይ በላዩ ነበር። ባለቤቴ ለርጭት የሚለብሰው አንድ ሸሚዝ ነበረው። መርጫው ከክዳኑ ሥር ያንጠባጥባል፤ ፈሳሹ በጀርባው ቁልቁል ወርዶ ከቀበቶው በላይ ይጠራቀማል። ሲደርቅ ጨርቁ ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ ዳር ዳሩንም ነጣ ያለ መስመር ይሠራል። ሲያዩት የላብ ጨው ይመስላል። እንደዚህ ያለ ቦታ በእጅ ካልታሸ አይለቅም፤ ስለዚህ ሁለቱን መዳፎቼን አጋጥሜ እስኪለሰልስ ድረስ አሸው ነበር። ሞቅ ያለ ውሃ ሲያገኘው ሽታው ፊቴ ላይ ይነሳል። ልብሱ ከወለቀበት ሰዓት እስከሚታጠብበት ቀን የሚቀመጠውም ከልጆቹ ልብስ ጋር ነበር።

የዚያን ቀን አጥቤ ጨርሼ ሳሰጣ ራሴን አመመኝ። የፀሐይ መስሎኝ ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ አፌ በምራቅ ተሞላ፤ እውጠዋለሁ፣ መልሶ ይሞላል። ዓይኔ ያነባል፣ ፊት ለፊቴ ያለው ሁሉ ጭጋግ የሸፈነው መሰለኝ። ሆዴን ቆረጠኝ፤ የግራ ዓይኔ ሽፋንም አላቋርጥ ብሎ ይርገበገብ ጀመር። ባለቤቴ ደግፎ ወሰደኝ። የተቀበለችን ነርስ ዓይኔን በባትሪ አየችና ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ብሌኑ በጣም ጠቦ ነበር።

«እህቴ፣ ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ልብስ ሳጥብ።»

«የማንን ልብስ?»

ባለቤቴ መልሱን ከእኔ ቀድሞ ገባው። የረጨውን ኬሚካል ስም ነገራት። ልብሴን አስወልቀው እጄን እስከ ክንዴ በሳሙናና በብዙ ውሃ አጠቡኝ፣ መድኃኒት ሰጥተው እስከ ማግስቱ አቆዩኝ። ቀላል መመረዝ ነበር፤ ቶሎ ተሻለኝ።

ነርሷ ያን ዕለት የነገረችንንና ከዚያ በኋላ ከሌሎች ባለሙያዎች የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ አሠራሩ ከገባን ጥንቃቄው ትእዛዝ መሆኑ ይቀራልና። የረጨው ኬሚካል ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ወገን ነው። ክሎርፓይሪፎስ፣ ማላታይን፣ ዳያዚኖን፣ ዳይሜቶየት፣ ፕሮፌኖፎስ ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው። ነርቭ ጡንቻን ወይም ዕጢን ሲያዝ አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል። ትእዛዙ እንደደረሰ ኮሊንስተሬዝ የተባለው ኢንዛይም አሴቲልኮሊኑን ያፈርሰዋል፤ ጡንቻውም ያርፋል። ኦርጋኖፎስፌት ይህን ኢንዛይም ይዞ ሥራውን ያስፈታዋል። ያኔ ትእዛዙ ማቆሚያ ያጣል፦ ምራቅ፣ እንባና ላብ ይፈስሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥ ይመጣል፣ ጡንቻ ይርገበገባል። ሲብስ ሳንባ በፈሳሽ ይሞላል፣ መተንፈሻ ጡንቻዎችም ይዝላሉ። ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። ትሉ የሚሞትበትና ሰው የሚጎዳበት መንገድ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ነው።

ከሁሉ በላይ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ግን ሌላ ነገር ነው። በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ያለው ኢንዛይም አንዴ ከተያዘ በኋላ የሚተካው በቀን 1 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ የነካው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ትንሽ ሲነካው የፊተኛውን ገና አልተካም። ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ነው፤ ውስጡ ግን ከወቅቱ መጀመሪያ ጀምሮ እያለቀ ነው። እኔን የጣለኝ ሸሚዝ ከቀደሙት የከፋ አልነበረም። «ስንት ዓመት ረጭቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚሉ ሰዎችን ስሰማ የምጨነቀው ለዚህ ነው።

ሌላው ስለ ቆዳ ነው። የሚረጭ ሰው ሲጠነቀቅ ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው አፍንጫውን ነው። ማሳ ላይ በሚደረግ ርጭት ግን መርዙ በብዛት ወደ ሰውነት የሚገባው በቆዳ በኩል ነው፤ ቆዳ ደግሞ በሁሉም ቦታ እኩል አያስገባም። ፓራታይን በተባለ ኦርጋኖፎስፌት ላይ በፈቃደኛ ሰዎች ተሞክሮ፣ ክንድ ላይ ከተቀባው ወደ ሰውነት የገባው 9 ከመቶ ገደማ ነበር። በመዳፍ 12፣ በራስ ቅል ቆዳ 32፣ በግንባር 36፣ በጆሮ ቀዳዳ 46 ከመቶ ገደማ ገባ። በወንድ ብልት ከረጢት ቆዳ ላይ ግን የተቀባው በሙሉ ገባ ማለት ይቻላል። ይህን መናገር ያሳፍራል፣ ግን መነገር አለበት፦ ሱሪው ከፊት የረጠበበት ሰው ጭምብል ማድረጉ አያድነውም። ሽንት ቤት የሚገባም እጁን መታጠብ ያለበት ከመግባቱ በፊት ነው። በላብ የራሰና የተላጠ ቆዳ ደግሞ ከደረቅና ከደህና ቆዳ ይበልጥ ያስገባል።

ይህን ካወቅን በኋላ የመጀመሪያ ትኩረታችን የሆነው የማዋሃጃው ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ጓንት የሚያስታውሰው መርጫውን ሲያዝል ነው። አስቡት፤ በ20 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር የሚገባ ከሆነ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከሚረጨው በ1000 እጥፍ የበረታ ነው። ከጠርሙሱ እጅ ላይ የፈሰሰች ጥቂት ጠብታ ሙሉ መርጫ ሲረጩ ከመዋል ትብሳለች። ባለቤቴ አሁን የሚያዋህደው ከቤትና ከውሃ ጉድጓድ ርቆ፣ ነፋሱን በጀርባው አድርጎ፣ ጓንት፣ የዓይን መነጽርና የፕላስቲክ ሽርጥ ለብሶ ነው። ዱቄት ሲሆን ጆንያው በመቀስ ይቆረጣል፤ በእጅ ከተቀደደ ብናኙ ፊት ላይ ይነሳል። የሚማሰለው በረጅም እንጨት ነው፤ መለኪያውም ሌላ ሥራ አይሠራም። በክዳን መስፈር ድሮ የተለመደ ነበር፤ የጠርሙሶች ክዳን ግን መጠኑ አንድ አይደለም፣ ከለኩም በኋላ እርጥቡ ክዳን በእጅ ተይዞ ነው የሚዘጋው።

ጓንቱ የናይትራይል ጎማ ሆኖ ውስጡ ጨርቅ የሌለው ቢሆን ይመረጣል። ቆዳና ጨርቅ ጓንት ኬሚካሉን መጥጠው እጅ ላይ ያቆዩታልና ባዶ እጅ ሊሻል ይችላል እላለሁ። ቁልቁል ሲረጭ እጅጌው ከጓንቱ በላይ ይወርዳል፤ ከራስ በላይ ወዳለ ዛፍ ሲረጭ እጅጌው ጓንቱ ውስጥ ይገባል፤ አለዚያ የሚወርደው ጠብታ ጓንቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ሱሪ ሁልጊዜ ከቦት ጫማው ውጭ ነው። ጓንቱ ከመውለቁ በፊት እላዩ ላይ እንዳለ በሳሙና ይታጠባል። ጭምብልን በተመለከተ፣ የአቧራ ማስክ ብናኝ ይይዛል እንጂ ትነት አይይዝም፤ ለትነት የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። አፍ ላይ የታሰረ ሻሽ ደግሞ አንዴ ከራሰ መርዙን ከንፈር ላይ ለጥፎ የሚያቆይ ነው።

አሁን ልብሱን እንዴት እንደምናጥብ ልናገር፤ ስለ ርጭት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው። ባለቤቴ የርጭት ልብሱን የሚያወልቀው ከቤት ውጭ ነው፣ ወዲያው ገላውን በሳሙና ይታጠባል፣ ፀጉሩንና የጆሮውን ጀርባ ጭምር። ከዚያ በፊት ልጅ አያቅፍም። ልብሱ በራሱ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ በዚያው ቀን ይታጠባል፣ ከሌላ ልብስ ጋር አይነካካም። የሚያጥበው እሱ ራሱ ነው፤ እኔ ሳጥብም ጓንት አድርጌ ነው። መጀመሪያ በውሃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ይደገማል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሳፋው ለዚያ ብቻ ነው፤ እጣቢው ወደ ወንዝም ወደ ከብት መጠጫም አይደፋም። ያልተበረዘ ኬሚካል የፈሰሰበት ልብስ ግን ታጥቦ አይነጻም፤ ይጣላል። የአንድ ሸሚዝ ዋጋ ከአንድ ሰው ሕይወት ያንሳል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ወደዚህ ሥራ ባትጠጋ እመርጣለሁ።

መርጫውን በተመለከተ፣ የእኛ ችግር የክዳኑ ጎሚኒ ማርጀቱ ነበር፤ ተቀየረ፣ ፍሳሹ ቆመ። ከእያንዳንዱ ርጭት በፊት ንጹሕ ውሃ ተሞልቶ ይሞከራል፤ የሚያንጠባጥብ መርጫ ጀርባ ላይ አይወጣም። ኖዝል፣ ፈሳሹ የሚወጣበት የመርጫው ጫፍ፣ ሲደፈን በአፍ መንፋት ክልክል ነው። በለስላሳ ብሩሽ ወይም በሣር አገዳ ይጸዳል፤ በሚስማር ከተወጋ ቀዳዳው ይሰፋና ከሚገባው በላይ ይረጫል። ባለቤቴ ትርፍ ኖዝል በኪሱ ይይዛል፣ ማሳ ዳር ደግሞ ንጹሕ ውሃና ሳሙና እናስቀምጣለን። ሲረጭ ነፋሱ ከጎኑ እንዲሆን አድርጎ፣ ወደ ረጨው ሳይሆን ወዳልረጨው እየሄደ ነው። ነፋስ ሲበረታ አይረጭም። ጭራሽ ፀጥ ባለ ማለዳም ቢሆን የአካባቢው ጭስ ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ መሬት ለመሬት የሚሳብ ከሆነ ይጠብቃል፤ ያኔ የርጭቱ ጉም ተንሳፍፎ ጎረቤት ማሳ ሊደርስ ይችላልና። ቀትር ላይ መርጨት ግን ከሁሉም የከፋ ነው፦ ሙቀቱ ቱታ ያስወልቃል፣ ትነቱ ይነሳል፣ ንቦችም በሥራ ላይ ናቸው።

ኬሚካል ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን መለያ ቀለም ተመልከቱ። በብዙ አገሮች መለያው ግርጌ ላይ ያለው ቀይ መስመር እጅግ አደገኛ ወይም ከፍተኛ አደጋ ያለው ማለት ነው፤ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ አነስተኛ፣ አረንጓዴ ደግሞ በአግባቡ ከተያዘ አጣዳፊ አደጋው ዝቅተኛ የሆነ ነው። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ነው፤ የሚናገረው ግን ወዲያው ስለሚጥለው መርዝነት እንጂ በዓመታት ስለሚመጣው ጉዳት አይደለም። አረንጓዴ ነው ብሎ በባዶ እጅ መያዝ አይገባም። መለያ የሌለው፣ ከትልቅ ዕቃ ተቀንሶ በውሃ ፕላስቲክ የሚሸጥ ኬሚካል በነጻ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ። ሁለትና ሦስት ዓይነት መቀላቀልም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ በሁለት የንግድ ስም የተሸጡት ጠርሙሶች ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር አንድ ነው፤ ሰውዬው ሳያውቀው መጠኑን በእጥፍ ይረጫል።

ስለ ባዶ ዕቃዎች ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 በሕንድ ቢሃር ግዛት በአንድ ትምህርት ቤት ምሳ የበሉ 23 ሕፃናት ሞቱ። ምግቡ የተሠራበት ዘይት ሞኖክሮቶፎስ በተባለ ኦርጋኖፎስፌት የተበከለ ነበር። ባዶ የኬሚካል ዕቃ ውስጥ ዘይት፣ ውሃ ወይም ወተት የምታስቀምጡ ከሆነ እባካችሁ ዛሬውኑ አቁሙ፤ የቱንም ያህል ቢታጠብ ፕላስቲኩ የመጠጠውን መልሶ ይለቃል። እኛ ጠርሙሱ እንዳለቀ ሩቡን ያህል ውሃ እንሞላለን፣ ክዳኑን ዘግተን 30 ሰከንድ እንነቀንቃለን፣ እጣቢውን መርጫው ውስጥ እንገለብጠዋለን። ይህን 3 ጊዜ እንደግማለን። እጣቢው ማሳ ላይ ይረጫል፣ ስለዚህ የሚባክን ነገር የለም። ከዚያ ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት ጠርሙሱን እንበሳዋለን፤ ሰብሳቢ እስኪወስደው ተቆልፎበት ይቀመጣል። ማቃጠል ጭሱን መተንፈስ ነው።

በኬሚካል የታሸ ዘርም ከዚሁ ጋር ይታሰብ። እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ በኢራቅ በሜርኩሪ የታከመ የዘር ስንዴ ለገበሬዎች ተሰጠ። ዘሩ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ግን የተጻፈው ገበሬዎቹ በማያነቡት ቋንቋ ነበር። ቀለሙ በውሃ ሲለቅ መርዙም የለቀቀ የመሰላቸው ጋግረው በሉ። በይፋ የተመዘገበው ሟች 459 ነው። ቀለም የተቀባ ዘር ለመዝራት ብቻ ነው፤ ለዶሮም አይሰጥም።

ቤት ውስጥ ኬሚካል የሚቀመጥበት ሳጥን ቁልፍ ይኑረው። ለልጆች ብቻ አይደለም። በንዴት ወይም በተስፋ መቁረጥ ሰዓት አጠገብ የተገኘ ኬሚካል የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል። ስሪ ላንካ እ.ኤ.አ. በ1995 እጅግ መርዛማ የሆኑትን ፀረ-ተባዮች፣ በ1998 ደግሞ ኢንዶሰልፋን የተባለውን ፀረ-ተባይ ከከለከለች በኋላ፣ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ራሱን የሚያጠፋው ሰው ቁጥር በግማሽ ያህል ወርዷል። ያ ቅጽበት ሊያልፍ የሚችል ነው፤ ቁልፉ ጊዜ ይገዛል። የሰው ሁኔታ ካሳሰባችሁ ኬሚካሉን ከቤት አውጡና ሰውዬውን ብቻውን አትተዉት።

የነቀዝ ጽላት፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው፣ ለብቻው መታየት አለበት። ጽላቱ የአየር እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅ ወደ ሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። ፍቱን ማርከሻ የለውም። ጽላት የገባበት እህል ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ፣ ወይም በአንድ ግድግዳ ብቻ በተለየ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢያደርገው ይሻላል፤ እኛ ትተነዋል፣ እህሉን በደንብ አድርቀን አየር በማያስገባ ከረጢት ነው የምናስቀምጠው።

ማሳ ውስጥ ስላሉ ሌሎች ሰዎች ደግሞ እናስብ። የሚረጨው ሰው ምንም ቢለብስ፣ ነገ ጠዋት በዚያው ቅጠል መሃል የሚያርመውና የሚለቅመው ባዶ እጁን ነው። መለያው ላይ ሁለት የጊዜ ገደቦች አሉ፦ ከርጭት በኋላ ማሳው የሚገባበት ጊዜና ከርጭት በኋላ ምርቱ የሚለቀምበት ጊዜ። ሁለቱ አይምታቱ። እኛ በረጨንበት ማሳ ዳር ቀይ ጨርቅ እንሰቅላለን፣ የሚፈቀደው ቀን እስኪደርስ አይወርድም። ቲማቲም ሲቀላ ገበያው ቸኮል ይላል፣ አውቃለሁ፤ ምርት ሊለቀም ሲል መርጨት ግን ለሚበላው ሰው መርዝ መላክ ነው። ስለዚህ ለቀማ ሲቃረብ ቅጠሉን ከማየት በቀር ምንም አናደርግም።

ቅጠል ማየት ያልኩት የአነጋገር ወግ ሆኖ አይደለም። ከታመምኩ በኋላ የጀመርኩት ሥራ ነው። ጠዋት ማሳውን በሰያፍ እየዞርኩ እዚህም እዚያም ቅጠል እገለብጣለሁ። አንድ ቀን ከጎመን ቅጠል ሥር ክሽክሽ፣ ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ ተሰብስቦ አየሁ፤ በመሃሉ ጥቁርና ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያላት ረዘም ያለች እጭ እየተንቀሳቀሰች አንዱን ክሽክሽ ይዛ መጠጠችው፣ ቅርፊቱን ጣለች፣ ወደሚቀጥለው ሄደች። ቀይ ጀርባዋ ላይ ነጠብጣብ ያላት የጥንዚዛ ልጅ ናት። አንዳንዱ ክሽክሽ ደግሞ አብጦ ነሐስማ ሆኖ ደርቋል፤ ውስጡ የጥቃቅን ተርብ እንቁላል የተጣለበት ነው። ያን ቀን ቢረጭ ኖሮ መጀመሪያ የሚያልቁት እነዚህ ነበሩ። ክሽክሹ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይራባል፣ ጠላቶቹ ግን ለመመለስ ጊዜ ይፈጅባቸዋል፤ ከርጭት በኋላ ተባይ ከበፊቱ ብሶ የሚመጣው ለዚህ ነው። ከሞት የተረፉት ተባዮችም ኬሚካሉን የሚቋቋሙት ናቸውና የሚወልዱት እንደ እነሱ ያለውን ነው። መጠን መጨመር ይህንን ያፋጥነዋል እንጂ አያቆመውም። አሁን የምንረጨው ጉዳቱ ሲበዛ ብቻ ነው፤ ሲረጭም የኬሚካሉን ወገን እየቀያየርን ነው። የርጭቱ ቁጥር ከበፊቱ በጣም ቀንሷል፣ ምርቱ ግን አልቀነሰም።

ላምዳ-ሳይሃሎትሪንና ሳይፐርሜትሪን የመሳሰሉት፣ ፓይሬትሮይድ የሚባለው ሌላ የፀረ-ተባይ ወገን ኬሚካሎች ለሰው ከኦርጋኖፎስፌት ይሻላሉ ይባላል፤ እውነት ነው። ለዓሣና ለንብ ግን እጅግ መርዛማ ናቸው። መርጫ ወንዝ ውስጥ ማጠብ ከታች ያለውን ዓሣ መፍጀት ነው። ጎረቤታችን ቀፎ ስላላቸው ከመርጨታችን በፊት ባለው ቀን እንነግራቸዋለን፣ አበባ ላይ ያለ ሰብል አንረጭም፣ ግድ ከሆነም ንቦቹ ከገቡ በኋላ ወደ ማታ ነው። የቲማቲማችንም አበባ ፍሬ የሚይዘው በደንብ ሲነቀነቅ ነው፤ ንቦች ሲጠፉ የምንጎዳው እኛም ነን። አፈር ውስጥ የሚቆዩትም አሉ። ዲዲቲ የተባለው የድሮ ፀረ-ተባይ የአዳኝ ወፎችን የእንቁላል ቅርፊት አሳስቶ ጫጩት አሳጥቷቸዋል፤ በሰውና በእንስሳት ስብ ውስጥም ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ2001 ተፈርሞ በ2004 ሥራ ላይ የዋለው በቶሎ የማይጠፉ መርዞችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት የዲዲቲን አጠቃቀም በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ወሰነው፤ ኢንዶሰልፋን ደግሞ በ2011 በስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከአሮጌ መጋዘን ወጥቶ በርካሽ የሚሸጥ ዲዲቲ ካያችሁ ለሰብል አትግዙት።

በመጨረሻ፣ ሰው ሲመረዝ ምን እንደሚደረግ ያየሁትን ልንገራችሁ። ለርጭት የተቀጠረ አንድ ወጣት ጎረቤት ማሳ ውስጥ ወደቀ። የሄድነው እኔና ባለቤቴ ነን። አጠገቡ ያሉት ሰዎች ሙቀት ነው ብለው ጥላ ውስጥ አስተኝተውታል። ሙቀት የጣለው ሰው ግን አፉ ይደርቃል፣ እንባ የለውም። የዚህ ልጅ ምራቅ አገጩ ላይ ይወርዳል፣ የዓይኑ ብሌን ጠቧል፣ የትከሻው ጡንቻ ከሸሚዙ ሥር ሲላወስ ይታያል። ባለቤቴ ጓንት አድርጎ ልብሱን በሙሉ በመቀስ ቆርጦ አወለቀለት፤ ባዶ እጁን የሚረዳ ሰው ራሱ ይመረዛል። ገላውን፣ ፀጉሩንና የጥፍሮቹን ሥር በሳሙናና በብዙ ውሃ ከ15 ደቂቃ ያላነሰ አጠብነው። ዓይን ከነካም በንጹሕ ውሃ እንዲሁ 15 ደቂቃ ነው። ምራቁ እንዳያንቀው በግራ ጎኑ አስተኛነው። አንዲት እናት ወተት ይዘው መጡ፤ በአክብሮት «እማማ፣ አይሆንም» አልኳቸው። ወተት ማርከሻ አይደለም፤ ቅባት ያለበት ነገር የአንዳንዱን ኬሚካል መምጠጥ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። ጣት ከቶ ማስታወክም ክልክል ነው፤ ኬሚካሉ የተሟሟበት ዘይት ወደ ሳንባ ከገባ ሌላ ጉዳት ያመጣል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም። እስትንፋሱ ከቆመ ትንፋሽ መስጠት ያስፈልጋል፤ አፉ መርዝ ከነካው ግን መጀመሪያ ይጠረግ፣ በመካከሉም መከላከያ ይኑር።

ወዲያው ተሽከርካሪ ላይ ስንጭነው ጠርሙሱን ከነመለያው ይዘን ሄድን። የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ እሱ ነበር። ኦርጋኖፎስፌት ከሆነ አትሮፒን ይሰጣል፤ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ሳንባው እስኪደርቅ ድረስ እየደጋገሙ ነው፤ ፕራሊዶክሲም የሚሰጥበትም ጊዜ አለ። የአረም መድኃኒቱ ፓራኳት ከሆነ ግን ማርከሻ የለውም፤ የዋጠ ሰው ለአንድ ሁለት ቀን ደህና መስሎ ሳንባው በኋላ ይጎዳልና ምልክት ሳይጠበቅ በፍጥነት ሐኪም ማየት አለበት። ስሙን የማያውቅ ሐኪም ሰዓት ያጣል።

ልጁ በማግስቱ ተነስቶ ተቀመጠ፣ ቤቴ ልሂድ አለ። ሐኪሙ አልለቀቀውም። በኦርጋኖፎስፌት የተመረዘ ሰው ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አንገቱና የመተንፈሻ ጡንቻው እንደገና ሊዝሉ ይችላሉ። አንገቱን ከትራሱ ቀና ማድረግ መቻሉን እየመጡ ይፈትኑት ነበር። ሲወጣም የኢንዛይሙ መጠን በደም ምርመራ ተመልሶ እስኪታይ ድረስ ወደ ርጭት እንዳይመለስ ወረቀት ጻፉለት። አሠሪው ቅር ቢለውም ወረቀቱን አክብሮ ችግኝ ማፍላት ላይ አሠማርቶታል።